ሚኒ ኮምፒውተሬ ፍላሹን አላይ አለች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ድሮ ጌም ናቸው። ጸሐፊዎቹ የሚኖሩት በሦስት የተለያዩ ከተሞች ነው፤ ማሽናቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። የተቸገሩት ግን አንድ ቦታ፣ ዩኤስቢው ላይ ነው። ለመጀመሪያው ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ፤ የሌሎቹ መልስ ከፊሉ እዚያ ስለተነሣ ከላይ ጀምራችሁ ብታነቡ ትጠቀማላችሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጀርመን፣ ከሽቱትጋርት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለትምህርት ስመጣ የመጀመሪያዋ ኮምፒውተሬ ኮሞዶር 64 ነበረች። ባለፈው ዓመት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የእሷን ትንሽ ቅጂ፣ ዘ ሲ64 ሚኒን አገኘሁና ገዛሁ። ውስጧ ያሉትን ጌሞች ከልጄ ጋር ተጫውተን ጠገብን። ሌላ ልጨምርባት ብዬ 128 ጊጋ ፍላሽ ገዝቼ፣ ጌሞቹን ጭኜ ብሰካ ምንም አላይ አለች። ፍላሹ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ሁለተኛ፣ ልጄ እኔ ያኔ እንዳደረግሁት በቤዚክ ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ጀምራለች፤ ማሽኗን ስናጠፋ ግን የጻፈችው ሁሉ ይጠፋል። ምድር ቤት ያስቀመጥኳቸው ፍሎፒዎችም፣ የዚያን ጊዜ ፋይል ማስቀመጫ ዲስኮች፣ አሉ። ምን ላድርጋቸው? (የ14 ዓመት ልጅ አባት፣ ሽቱትጋርት)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፍላሹም ማሽኗም አልተበላሹም፤ ያልተስማሙት በፎርማቱ፣ ማለትም ፋይል ፍላሹ ላይ በሚደራጅበት ሥርዓት ነው። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑ ፍላሾች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ተደርገው ነው። ዘ ሲ64 ሚኒ የምትፈልገው ደግሞ ፋት32ን ነው። ላፕቶፕዎ ሁለቱንም አሳምሮ ስለሚያነብ ልዩነቱ አይታወቅዎትም፤ ትንሿ ማሽን ግን እርስዎ እንዳዩት ዝም ትላለች።

«እንግዲያው ፋት32 ላድርገው» ሲሉ ሌላ እንቅፋት ይገጥምዎታል። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ፍላሹ ከ32 ጊጋ በላይ ከሆነ ፋት32 የሚለውን ምርጫ ለብዙ ዓመታት ሳያቀርብ ኖሯል። ፋት32 ራሱ ከዚያ በላይ መያዝ ስለማይችል አይደለም። መስኮቱን በ1994 እ.ኤ.አ. የሠራው የማይክሮሶፍት ፕሮግራመር ዴቭ ፕላመር፣ የ32 ጊጋውን ገደብ ያኔ በራሱ ውሳኔ እንዳስቀመጠውና መስኮቱም የተሻለ እስኪመጣ ድረስ ለጊዜው ተብሎ የተሠራ እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግሯል። ለጊዜው የተባለው ነገር ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ እርስዎን የመሰለ ሰው ያስቸግራል።

ስለዚህ ከ128ቱ ጋር አይታገሉ፤ ለፎቶና ለፊልም ያድርጉትና ለማሽኗ 16 ወይም 32 ጊጋ የሆነ፣ ከታወቀ ሱቅ የተገዛ ፍላሽ ይያዙላት። ያንሳል ብለው አይስጉ። የኮሞዶር 1541 ዲስክ አንባቢ የሚያነበው ፍሎፒ ባለ 35 ትራክ ነበር፤ በትራኮቹ ላይ 683 ሴክተር፣ በእያንዳንዱ ሴክተር 256 ባይት። ያ ፍሎፒ እንዳለ ወደ ፋይል ሲገለበጥ ዲ64 የሚባለውን ፋይል ይሰጣል፤ መጠኑም 174,848 ባይት ነው። በስልክ ከሚነሣ አንድ ፎቶ እጅግ ያነሰ ማለት ነው። 16 ጊጋ ላይ ከ80 ሺህ በላይ ፍሎፒ ይገባል። እርስዎም ልጅዎም በዕድሜ ልክ ተጫውታችሁ አትጨርሱትም። ትልቅ ፍላሽ ለዚህች ማሽን ምንም ጥቅም የለውም፤ የሚያመጣው ጣጣ ብቻ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አዲሱን ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሰክተው በቀኝ ክሊክ ፎርማት የሚለውን ይምረጡ፤ ፋይል ሲስተም በሚለው ቦታ ፋት32ን አድርገው ሌላውን እንዳለ ይተዉት። ላፕቶፕዎ ማክ ከሆነ ግን ጠንቀቅ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ዲስክ ዩቲሊቲ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚያሳየው የፍላሹን ክፍልፋይ ብቻ ነው። ሁሉንም መሣሪያዎች አሳይ የሚለውን መርጠው ፍላሹን ራሱን፣ ማለትም ከላይ ያለውን ስም ይንኩ። ከዚያ ፎርማቱን ኤምኤስዶስ ፋት፣ ስኪም የሚለውን ደግሞ ማስተር ቡት ሪኮርድ ያድርጉ። ስኪሙን ጂዩአይዲ ላይ ከተዉት ፎርማቱ ትክክል ሆኖም እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማሽኖች ፍላሹን ላያዩት ይችላሉ። የግድ 128ቱን ነው የምጠቀመው ካሉ ሩፈስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ትልቅ ፍላሽን ፋት32 ያደርግልዎታል፤ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አይርሱ።

ቀጥሎ የማሽኗን የሶፍትዌር ዕድሜ ይመልከቱ። ዘ ሲ64 ሚኒ በ2018 እ.ኤ.አ. ለገበያ ስትቀርብ ከፍላሽ ላይ የፋይል ዝርዝር ማሳየት አትችልም ነበር። አንድ ዲ64 ፋይል ብቻ፣ እሱም አምራቹ በወሰነው ስም ተሰይሞ ፍላሹ ላይ ይቀመጥና ሰውየው ቤዚክ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሎድ ብሎ ይጠራው ነበር። ፋይሎችን ዘርዝሮ የሚያሳየው ገጽ የመጣው በኋላ በተለቀቀ አፕዴት ነው። የእርስዎ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ስለተገዛች የቀድሞው ባለቤት አፕዴት ሳያደርጋት ኖሮ ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የሶፍትዌሩን ቁጥር ይዩ፤ ሬትሮ ጌምስ የተባለው የእንግሊዝ አምራች በድረ ገጹ ላይ ካስቀመጠው ጋር ያስተያዩት። አሮጌ ከሆነ የአፕዴት ፋይሉን አውርደው ፍላሹ ላይ ያስቀምጡ፤ ፎልደር ውስጥ አይግባ፣ ስሙም አይቀየር። አፕዴት እስኪጨርስ ኃይል መቋረጥ የለበትም።

ኃይል ካነሣን ዘንድ፣ ማሽኗን የሚያበራው ኬብል ቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው ዩኤስቢ ላይ ተሰክቶ ከሆነ ይንቀሉት። ለማሽኗ 5 ቮልት 1 አምፒር ያስፈልጋታል። ተራ የዩኤስቢ 2 ሶኬት የሚሰጠው በደንቡ 500 ሚሊ አምፒር፣ ማለት ግማሹን ነው። ጆይስቲክ ብቻ ሲሰካ የሚበቃት ይመስላል፤ ፍላሽና ኪቦርድ ሲጨመር ነው የምትንገዳገደው። ከግድግዳ የሚሰካ ደኅና የስልክ ቻርጀር ይበቃታል።

ፍላሹ ከታየ በኋላ ጌሞቹን ሁሉ አንድ ላይ አይዘርግፉ። እኔ በፊደል ተራ እከፋፍላቸዋለሁ፤ በጆይስቲክ ረጅም ዝርዝር መውረድ ልጅን ቶሎ ያሰለቻል። የፋይሉ ስም አጭርና በላቲን ፊደል ይሁን። አንዳንድ ጌም ተከፍቶ ጆይስቲኩን አልሰማም ቢል ጆይስቲኩ አልተበላሸም። ኮሞዶር 64 ሁለት የጆይስቲክ ሶኬት ነበራት፤ አብዛኛው ጌም ሁለተኛውን ሲጠቀም አንዳንዱ የመጀመሪያውን ይፈልጋል። መፍትሔው የፋይሉ ስም ላይ ነው፦ ከስሙ መጨረሻ፣ ከነጥቡ በፊት፣ አንደርስኮር አድርገው ጄ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደልና 1 ወይም 2 ቁጥርን ይጨምሩ። ማሽኗ ስሙን አንብባ ጆይስቲኩን ወደዚያ ሶኬት ታዞረዋለች። በተመሳሳይ ቦታ ኤ እና ዲ የሚሉት ሁለት ፊደላት ከተጨመሩ ማሽኗ የ1541ዱን ዲስክ አንባቢ አሠራር በጥንቃቄ ትከተላለች፤ መጫኑ መሀል ላይ የሚቆም ጌም ካለ ይህን ይሞክሩ። ያኔ ግን ጌሙ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው። እርስዎ ያንን መጠበቅ ያውቁታል፤ ለልጅዎ ግን አስቀድመው ይንገሯት፣ የተበላሸ መስሏት ኬብሉን እንዳትነቅለው።

አሁን ወደ ልጅዎ ፕሮግራም ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው። የማሽኗ ኪቦርድ ለመልክ የተሠራ ስለሆነ አይጫንም፤ ስክሪን ላይ በሚወጣው ኪቦርድ በጆይስቲክ ፊደል እየለቀሙ ፕሮግራም መጻፍ ደግሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ይግዙላት። ሶኬቱ ሁለት ብቻ ስለሆነና ጆይስቲክና ፍላሽ ስለሚይዙት፣ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ያስፈልግዎታል።

ፕሮግራሟ የሚጠፋው የሚቀመጥበት ዲስክ ስለሌለ ነው። ቤዚክ የሚያውቀው ፍሎፒን እንጂ ፍላሽን አይደለም። ስለዚህ ባዶ ፍሎፒ ይስጧት፦ ላፕቶፕ ላይ ዳይርማስተር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ባዶ ዲ64 ፋይል ሠርተው በልጅዎ ስም ይሰይሙትና ፍላሹ ላይ ያስቀምጡት። ማሽኗ ላይ ቤዚክን ከፍተው፣ በሜኑው በኩል ያንን ፋይል ዲስክ አድርገው ያስገቡ። 38,911 ባይት ነፃ ነው የሚለው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ያንን ቁጥር እርስዎ በቃልዎ የሚያውቁት ይመስለኛል። ልጅዎ ስትጨርስ ሴቭ ብላ፣ የፕሮግራሙን ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጋ፣ ኮማና 8 ትጽፋለች። 8 የዲስክ አንባቢው ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ የድሮ ሰዎች የሚያውቁት፣ አዲስ ጀማሪዎችን ግን የሚያስለቅስ ነገር አለ። ትናንት በአንድ ስም ያስቀመጠችውን ዛሬ አሻሽላ በዚያው ስም ሴቭ ብትለው፣ ስክሪኑ እያስቀመጥኩ ነው ብሎ ሬዲ ይላል። አላስቀመጠም። 1541 በዚያ ስም ፋይል ካለ በላዩ አይጽፍም፤ ስሕተት መኖሩን የሚናገረውም ስክሪኑ ሳይሆን ዲስክ አንባቢው ላይ ያለችው ብልጭ ድርግም የምትል መብራት ነበረች። ሚኒዋ ጋ ያ ዲስክ አንባቢ የለም። ልጅዎ ተቀመጠልኝ ብላ ታጠፋለች፣ በማግሥቱ የምታገኘው የትናንቱን ነው። በላዩ እንዲጽፍ የሚያስገድድ ትእዛዝ በኮሞዶር ዘመንም ነበር፤ እሱ ራሱ ዲስክ ያበላሽ ስለነበር ጠንቃቃ ሰው አይነካውም። የሚሻለው በየጊዜው ከስሙ ኋላ ቁጥር እየጨመሩ መሄድ ነው፦ ጌም1፣ ጌም2፣ ጌም3። ከሴቭ በኋላ ደግሞ ቬሪፋይ ብላ ያንኑ ስምና 8 ትጻፍ፤ ዲስኩ ላይ ያለው ከጻፈችው ጋር አንድ ከሆነ ኦኬ ይላታል። ይህን ልማድ ከአሁኑ ብትይዘው ኋላ የትም ቦታ ስትሠራ ይጠቅማታል። በየሳምንቱ መጨረሻም ያንን ዲ64 ፋይል ወደ ላፕቶፕ ኮፒ አድርጉት። ጌም ቢጠፋ መልሶ ይገኛል፤ የልጅዎ ፕሮግራም ያለው ግን እዚያ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው።

ፍሎፒዎቹን በምንም ምክንያት እንዳይጥሏቸው። ዙምፍሎፒ የሚባል ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ በአንድ በኩል 1541 ዲስክ አንባቢ፣ በሌላው በኩል ላፕቶፕ ይሰካበትና ፍሎፒውን እንዳለ ወደ ዲ64 ይገለብጠዋል። የሚሠራ 1541 ከሌለዎት ጀርመን ለዚህ የተመቸች አገር ናት። ኮሞዶር ብራውንሽቫይግ ላይ ፋብሪካ ነበረው፤ ማሽኑም እዚያ አገር በብዛት ተሸጧል፤ የድሮ ኮምፒውተር የሚጠብቁ ማኅበራትም ዛሬ ድረስ አሉ። ምድር ቤት እርጥበት ስላለው ግን ከመስካትዎ በፊት እያንዳንዱን ፍሎፒ በቀዳዳው በኩል በቀስታ እያዞሩ በብርሃን ይዩት። ነጭ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ካለው ሻጋታ ነው፤ ያንን ካስገቡ የአንባቢውን ጭንቅላት ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ደኅና ፍሎፒ ይፍቀዋል። የሻገተውን ለብቻው አስቀምጠው ለሚያውቅ ሰው ይስጡት። ከንጹሖቹም መጀመሪያ የሚገለበጡት የራስዎ ጽሑፍና ፕሮግራም ያለባቸው ይሁኑ፤ የተገዛ ጌም ሌላ ሰው ዘንድም ይኖራል።

ስለ ጌሞቹ አንድ ቃል። ኮሞዶር በ1994 እ.ኤ.አ. ከስሯል፤ የጌሞቹ የባለቤትነት መብት ግን አብሮት አልሞተም። ዛሬም ለኮሞዶር 64 አዲስ ጌም የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ዲ64ቱን በትንሽ ዋጋ ይሸጣሉ፣ አንዳንዶቹም በነፃ ይሰጣሉ። ለልጅዎ ከእነዚህ ቢጀምሩላት ሠሪዎቹን በቀጥታ ትደግፋላችሁ፤ በዚህ ዘመን የሚኖር ሰው ለዚህች ማሽን እንደሚጽፍ ማየቷም ለራሷ ፕሮግራም ብርታት ይሰጣታል።

ጥያቄ፦ እንደምን አለህ? እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ አዳማ። እህቴ ከዱባይ ራስቤሪ ፓይ 4 የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ላከችልኝና የድሮ ጌሞችን የሚያጫውተውን ሬትሮፓይ ጫንኩበት። ኤስዲ ካርዱ 32 ጊጋ ስለሆነ የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች አልበቃ አሉት። የአባቴን 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስሰካ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ይመጣል፣ ከዚያ ዲስኩ ይጠፋል። ፎርማት ላድርገው? (ተማሪ፣ አዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎርማት አታድርገው! የአባትህ ፋይል አለበት፤ ችግሩም ፎርማት አይደለም። የነገርከኝ ምልክት በሙሉ የኃይል ማነስ ነው። ቢጫው መብረቅ የሚወጣው ወደ ፓይዋ የሚገባው ቮልቴጅ ከ4.63 በታች ሲወርድ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚለው ደግሞ የዲስኩ ሞተር ለመነሣት ሞክሮ ኃይል ሲያጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ራስቤሪ ፓይ 4 አራት የዩኤስቢ ሶኬት አላት፤ አራቱም ተደምረው መስጠት የሚችሉት 1.2 አምፒር ነው። እንዲህ ያለ ሃርድ ዲስክ ሲነሣ ብቻውን ወደ 1 አምፒር ሊጠጋ ይችላል። ጆይስቲኩና ኪቦርዱ ሲጨመሩ አልቋል። በዚህ ሁኔታ ደጋግመህ አትሰካው፤ ዲስኩን ይጎዳዋል።

መጀመሪያ ቻርጀርህን ተመልከት። ፓይ 4 የምትፈልገው 5.1 ቮልት 3 አምፒር ነው። ብዙ የስልክ ቻርጀር ላዩ ላይ 3 አምፒር ቢልም ኬብሉ ቀጭን ከሆነ መንገድ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። ያለ ሃርድ ዲስኩ አብርተህ፣ ጌም ከፍተህ ተጫወት። መብረቁ ያኔም ከመጣ ቻርጀሩን ወይም ኬብሉን ቀይር። ካልመጣ ቻርጀሩ ደኅና ነው፤ ለሃርድ ዲስኩ ግን የራሱ ቻርጀር ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ያስፈልግሃል። ቻርጀር የሌለው ማከፋፈያ አትግዛ፤ ያንኑ 1.2 አምፒር ነው የሚያካፍልህ።

እኔን ብትጠይቀኝ ግን ሃርድ ዲስኩን ለአባትህ ትመልስለትና 128 ጊጋ ፍላሽ ትገዛለህ። ፍላሽ ሞተር የለውም፣ ኃይልም ብዙ አይጠጣም። ስሌቱን ተመልከት፦ ከሱፐር ኒንቴንዶ ካርትሪጆች ትልቁ 6 ሜጋ ነው፤ ያ 32 ጊጋ ካርድህን አይሞላውም። ቦታ የሚበላው ፕሌይስቴሽን ነው፤ አንድ ሲዲ እስከ 700 ሜጋ ሊደርስ ይችላል። እሱም ቢሆን ሲኤችዲ ወደሚባለው ፎርማት ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ሬትሮፓይም ያንን ይከፍታል። ስለዚህ ጌሞችህን መጀመሪያ ወደ ሲኤችዲ ቀይራቸው፤ ምናልባት ያለህ ካርድ ራሱ ይበቃህ ይሆናል።

ፍላሹን ለመጠቀም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኮፒ ማድረጊያ ነው። ፍላሹን ፋት32 አድርገህ ሬትሮፓይ የሚል ፎልደር፣ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ትፈጥርበታለህ። ፓይዋ ላይ ሰክተህ የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪተው ትጠብቃለህ። ነቅለህ ላፕቶፕ ላይ ስታየው ለየማሽኑ የተዘጋጁ ፎልደሮች ተፈጥረውበት ታገኛለህ። ጌሞቹን በየቦታቸው አስገብተህ መልሰህ ስትሰካው ወደ ካርዱ ይገለብጣቸዋል። ሁለተኛው ከፍላሹ ላይ በቀጥታ መጫወት ነው፤ የፎልደሩ ስም ሬትሮፓይ፣ ሰረዝ፣ ማውንት ይሆናል። ያኔ ፓይዋ ጌሞቹን ሁሉ ወደ ፍላሹ ወስዳ ከዚያ ትሠራለች፤ ፍላሹም ሁልጊዜ እንደተሰካ ይኖራል። በመጀመሪያው ጊዜ መገልበጡ ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ስክሪኑ ዝም ቢል አትንቀለው።

መብራት በሚሄድበት ሰፈር ላለ ሰው የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ፋት32 ውስጥ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ አለ፤ የመጋዘን መዝገብ በለው። መብራት የሄደው መዝገቡ ላይ እየተጻፈ እያለ ከሆነ ዕቃው መጋዘኑ ውስጥ እያለ አድራሻው ይጠፋል። ካርዱ የሚጠቀምበት ኤክስት4 የሚባለው ፎርማት ሊጽፍ ያሰበውን አስቀድሞ ስለሚመዘግብ ከእንዲህ ያለው መቋረጥ በተሻለ ይነሣል። ኮፒ አድርገህ ፍላሹን ብትነቅለው፣ ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ እንኳ ጌሞችህ ፍላሹ ላይ አሉ። በቀጥታ ከፍላሹ መጫወት የግድ ከሆነብህ ግን ፓይዋን በትንሽ ዩፒኤስ በኩል አብራት፤ ስትጨርስም ከሜኑው ሸትዳውን ብለህ አጥፋ። በመጀመሪያው መንገድ ስትጫወት ግን ጌም መሀል ሴቭ ያደረግኸው ነገር ያለው ኤስዲ ካርዱ ላይ ነውና ሴቭ ፋይሎቹንም አልፎ አልፎ ወደ ላፕቶፕ ውሰዳቸው። ፈተናህም ቀርቧልና በርታ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ትንሽ የጌም ቤት አለኝ፤ ልጆች በሰዓት እየከፈሉ ይጫወታሉ። ለድሮ ጌሞቹ ሣጥን 2 ቴራ የሚል ፍላሽ በጣም በርካሽ አገኘሁና ገዛሁ። መጀመሪያ የጫንኳቸው ጌሞች ይሠራሉ፤ ኋላ የጫንኳቸው ስማቸው ይታያል እንጂ አይከፈቱም። እንደገና ብጭንም ያው ነው። ሣጥኑ ይሆን የተበላሸው? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ሣጥንሽ ደኅና ነው፤ ፍላሹ ፎርጅድ ነው። እነዚህ ፍላሾች ውስጣቸው ያለው ቺፕ ትንሽ፣ ምናልባት 16 ወይም 32 ጊጋ ነው። ኮምፒውተሩ ስንት ትይዛለህ ብሎ ሲጠይቀው ግን 2 ቴራ ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ ተሠርቷል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚጨመረውን የተቀበለ መስሎ ይጥለዋል፣ ወይም በቀድሞው ላይ ይጽፍበታል። የፋይሉ ስም መዝገቡ ላይ ስለሚቀር ይታይሻል፤ ይዘቱ ግን የለም። ፎርማት ብታደርጊውም አይድንም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብልዩ፣ ለማክና ለሊኑክስ ደግሞ ኤፍ3 የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለቱም ፍላሹን ጠርዙ ድረስ በራሳቸው ፋይል ይሞሉትና መልሰው እያነበቡ ያመሳክራሉ። በመጨረሻ ይህን ያህሉ ደኅና ነው፣ ይህን ያህሉ ጠፍቷል ብለው ቁጥር ይሰጡሻል። እውነተኛ 64 ጊጋ ፍላሽ በሰከንድ 10 ሜጋ የሚጽፍ ከሆነ መሙላቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 2 ቴራ ነኝ የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው አትጠብቂው፤ ዊንዶውስ ላይ የሚፈተነውን መጠን ራስሽ መወሰን ስለምትችይ 64 ጊጋ ያህሉን ብቻ እንዲፈትን አድርጊ። ውሸቱ እዚያው ይወጣል። ከመጀመርሽ በፊት የሚሠሩትን ጌሞች ወደ ላፕቶፕ አውጪ።

ለወደፊቱ ማንኛውንም ፍላሽ በገዛሽ ዕለት፣ ጌም ሳይጫንበት፣ በዚሁ ፈትኚው። ለቤትሽ 64 ጊጋ ኦሪጅናል ሁለት ብትገዢና አንዱን ሣጥኑ ላይ ሰክተሽ ሌላውን የእሱን ግልባጭ አድርገሽ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጪ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ተሰልፈው ፍላሹ እምቢ ቢል ቀይረሽ ትቀጥያለሽ። የአሁኑን ለመመለስ ወደ ሻጩ ስትሄጂ ፍላሹን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ ፕሮግራሙ የሚያወጣውን የመጨረሻ ገጽ ፎቶ አንሺና ደረሰኙን ጨምረሽ አሳዪው። ሻጩ ራሱም ሳያውቅ ገዝቶት ሊሆን ስለሚችል በጥሞና አስረጂው፤ የቀሩትንም እዚያው አብራችሁ ብትፈትኗቸው ሌላ ሰው ከመግዛቱ በፊት ከመደርደሪያው ይነሣሉ።